የስድስቱ ሽልንግ ነገር፤ በራግቢ ሊግ ተጫዋች ኑሮና ሙያ ላይ የቀረበ ዳሰሳ

በእንግሊዝ አገር ሰሜን፣ ሐደርስፊልድ በምትባለው የሱፍ ፋብሪካ ከተማ፣ በኦገስት 29 ቀን 1895 ከሃያ የማያንሱ የራግቢ ክለቦች መልእክተኞች ጆርጅ በተባለው ሆቴል ተሰብስበው፣ ከእናት ማኅበራቸው ተገንጥለው የራሳቸውን ማኅበር ሲያቆሙ፣ የመለያየታቸው ምክንያት በውጭ ሲታይ ስድስት ሽልንግ ነበረ። ቀኑ በእኛ አቈጣጠር ነሐሴ 24 ቀን 1887 ዓ.ም.፣ የጻድቁ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ዕረፍት የሚታሰብበት ዕለት ሲሆን፣ የዓድዋ ዘመቻ የክተት ዐዋጅ ሊነገር ሦስት ሳምንት ያህል ቀርቶት ነበር፤ ይህን ያነሣነው ዘመኑን ለማስታወስ ብቻ ነው፤ የቀሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ተጽፈዋል። ስድስቱ ሽልንግ ደመወዝ አልነበረም። የድንጋይ ከሰል ቈፋሪው ወይም የፈትል ፋብሪካው ሠራተኛ ሥራውን አቋርጦ ለክለቡ ሲጫወት የሚቀርበትን የቀን ገቢ የሚተካ ካሣ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ እንዳይከፈል አዲሱ ማኅበር ራሱ ከልክሎ ነበር።

ከዚያች ዕለት ወዲህ 130 ዓመት አልፎአል፤ ያ ማኅበር የወለደው ጨዋታ፣ ዛሬ ራግቢ ሊግ የሚባለው፣ በአውስትራሊያና በእንግሊዝ ብዙ ሰው ጠዋት ተነሥቶ የሚሄድበት ሙሉ ሙያ ሆኖአል። ነገር ግን ስለዚህ ሙያ የተጻፈውን ታሪክ፣ በፍርድ ቤት የተሰጠውን ብያኔና በሐኪም የተደረገውን ምርመራ በአንድነት ለሚመለከት ሰው፣ በሐደርስፊልድ የተነሣው ጥያቄ መልኩን እየለዋወጠ ሲመላለስ ይታየዋል። ጥያቄውም ይህ ነው፦ ተጫዋቹ ለክለቡ የሚሰጠው ምንድን ነው? የቀኑን ጊዜ ነውን፣ የእጁንና የእግሩን ጥበብ ነውን፣ ወይስ ዳግመኛ የማይተካ ሥጋውን? ጊዜውን ነው ያለ ሰው በካሣ ይስማማል፤ ጥበቡን ነው ያለ ሰው ደመወዝና ነጻ ውል ይጠይቃል፤ ሥጋውን ነው ያለ ሰው ግን ተጫዋቹ ጫማውን በሰቀለ ቀን ሒሳቡ እንደማይዘጋ ያውቃል። ይህ ዳሰሳ ሦስቱን መልሶች በየዘመናቸው የሚመረምር ሲሆን፣ የጸሐፊው ዝንባሌ ወደ ሦስተኛው መሆኑ ከወዲሁ ቢታወቅ መልካም ነው።

ሁለቱ ራግቢዎችና የተለያዩበት ምክንያት

ራግቢ የሚለው ስም በአንድ ካባ ሁለት አካል የሚሸፍን ስለ ሆነ አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል። ሁለቱም ጨዋታዎች በሞላላ ኳስ የሚካሄዱ፣ ኳሱ በእጅ ወደ ኋላ እንጂ ወደ ፊት የማይወረወርባቸው፣ ኳስ የያዘን ሰው በክንድና በትከሻ ይዞ መጣል የተፈቀደባቸው ናቸው። በዩኒየን በአንድ ወገን 15 ሰዎች ይሰለፋሉ፤ ኳስ የያዘው በወደቀ ጊዜ ሁለቱ ወገኖች በላዩ ተደራርበው ስለ ኳሱ ይታገላሉ። በሊግ ግን ተሰላፊዎቹ 13 ሲሆኑ፣ የወደቀው ሰው ይለቀቃል፣ ይነሣል፣ ኳሱን መሬት አስቀምጦ በእግሩ ወደ ኋላ ለባልንጀራው ያንከባልላል፤ ተከላካዮቹም ዐሥር ሜትር አፈግፍገው ተንደርድረው ይመለሳሉ፣ እንደገናም ይጋጫሉ። አንዱ ወገን እንዲህ ስድስት ጊዜ ከተያዘ ኳሱን ለባላጋራው ያስረክባል።

ይህ ሥርዓት በአንድ ቀን የወጣ አይደለም። በ1897 ኳሱ ከመስመር ሲወጣ በሁለት ረድፍ ተሰልፎ መሻማት ቀረ፤ በ1906 የተሰላፊዎቹ ቍጥር ከ15 ወደ 13 ወረደ፣ የወደቀው ተነሥቶ ኳስ የሚያንከባልልበት ደንብም ተሠራ፤ በ1966 የመያዣው ቍጥር በአራት ተወሰነ፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያም ወደ ስድስት ከፍ አለ። ለእነዚህ ለውጦች ዘወትር የሚሰጠው ምክንያት ጨዋታው ፈጣንና ለተመልካች ግልጽ እንዲሆን የሚል ነው፤ ተመልካቹም እጅግ የተፈለገው ለተጫዋቹ የሚከፈለው ገንዘብ ከሜዳው መግቢያ በር ስለሚሰበሰብ ነው። እንግዲህ ክፍያው ደንቡን ወለደ፣ ደንቡም በተራው የተጫዋቹን ሥጋ ቀረጸው ቢባል ከእውነት መራቅ አይሆንም፤ ዛሬ ሐኪሞችን የሚያስጨንቀው የግጭት ብዛት ከዚሁ ከመነሣት፣ ከማፈግፈግና ከመንደርደር ሥርዓት የሚመነጭ ነውና።

የመለያየቱ ምክንያት ራሱ አከራካሪ ነው። ራግቢ ፉትቦል ዩኒየን በ1871 በለንደን ሲመሠረት መሪዎቹ ከታላላቆቹ የክፍያ ትምህርት ቤቶች የወጡ፣ ለጨዋታ የሚሆን ትርፍ ጊዜና ትርፍ ገንዘብ ያላቸው ሰዎች ነበሩ። ከሃያ ዓመት በኋላ ግን በዮርክሺርና በላንካሺር ጨዋታውን የያዘው የጉድጓዱና የፋብሪካው ሠራተኛ ነበረ። በ1893 የዮርክሺሩ ጄምስ ሚለር ለቀረ የሥራ ቀን ካሣ ይፈቀድ የሚል ሐሳብ ለጠቅላላው ጉባኤ ሲያቀርብ፣ በ136 ድምፅ ድጋፍና በ282 ድምፅ ተቃውሞ ወደቀ። የተቃዋሚዎቹ ክርክር ከንቱ ነበረ ማለት ግን አይገባም። የእግር ኳስ ማኅበር በ1885 ክፍያን በፈቀደ ጊዜ የሰሜኑ ተከፋይ ቡድኖች ያለ ክፍያ የሚጫወቱትን መኳንንት ወዲያው ከዋንጫው እንዳራቁአቸው አይተዋል፤ ካሣ ዛሬ ቢፈቀድ ነገ ደመወዝ እንደሚሆንም ተንብየዋል፤ ትንቢታቸውም በአምስት ዓመት ውስጥ ተፈጽሞአል። ከእነርሱም መካከል በሐደርስፊልድ አጠገብ ትምህርት ቤት ያስተዳድሩ የነበሩት ካህኑ ፍራንክ ማርሻል፣ ገንዘብ የተቀበለ ተጫዋች ሁሉ እንዲታደን በብርቱ የተጉ ሰው ነበሩ። የሚያበራይ በሬ አፉ እንዳይታሰር የታዘዘበትን የኦሪት ሕግ ካህኑ ሳያውቁት ቀርተው አይመስለንም።

የታሪክ ጸሐፊው ቶኒ ኮሊንስ በዚህ ጉዳይ በጻፋቸው መጻሕፍት መለያየቱን በዋናው የመደብ ጠብ አድርጎ ተርጕሞታል፤ ሌሎች ደግሞ የክለብ አስተዳዳሪዎቹ ራሳቸው ነጋዴዎችና የፋብሪካ ባለቤቶች እንደ ነበሩ አመልክተው፣ ጠቡ በሀብታምና በድኻ መካከል ሳይሆን የመግቢያውን ገንዘብና የውድድሩን ሥርዓት ማን ይዘዝበት በሚል በሁለት ዐይነት ሀብታሞች መካከል የሆነ ነው ይላሉ። ለእኛ ሁለተኛው አስተያየት የመጀመሪያውን የሚያርመው እንጂ የሚያፈርሰው አይመስለንም። ማስረጃውም አዲሱ ማኅበር ራሱ ነው፤ በ1898 ደመወዝን በፈቀደ ጊዜ፣ ተጫዋቹ ከጨዋታው ሌላ ቋሚና የታወቀ ሥራ ከሌለው እንዳይሰለፍ፣ የመጠጥ ቤት አስተናጋጅነትም እንደ ሥራ እንዳይቈጠርለት ደንግጎ፣ ይህን ደንብ እስከ 1905 አጽንቶ ነበር። ሠራተኛውን ከለንደን ጌቶች ነጻ ያወጡት ሰዎች ሠራተኛው ሥራ እንዳይፈታ ይሰጉ ነበር ማለት ነው።

ስብራት በሲድኒ

በአውስትራሊያ የጥያቄው አነሣሥ ሌላ ነው፤ ይህም ልዩነት ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በእንግሊዝ የተጠየቀው ስለ ቀረ ቀን ሲሆን፣ በሲድኒ የተጠየቀው ስለ ተጎዳ አካል ነበረ። በ1907 አሌክ በርደን የተባለው የታወቀ ተጫዋች በጨዋታ ላይ ተጎድቶ ሥራ መሥራት ባቃተው ጊዜ፣ ከትርኢቱ በሺህ የሚቈጠር ፓውንድ የሚሰበስበው የዩኒየን ማኅበር ለሕክምናውም ሆነ ለቀረበት ገቢ ምንም ባለመስጠቱ የተነሣው ቍጣ፣ በዚያው ዓመት በኦገስት ወር የኒው ሳውዝ ዌልስ ራግቢ ሊግ እንዲመሠረት ምክንያት ከሆኑት አንዱ ነው። የዘመኑ ዝነኛ ዳሊ መሴንጀር ወደ አዲሱ ጨዋታ በመግባቱ ተመልካቹም ተከተለው።

በዚያው ዓመት አልበርት ባስከርቪል የተባለ ወጣት የፖስታ ቤት ሠራተኛ የኒውዚላንድ ቡድን አደራጅቶ ወደ እንግሊዝ ወሰደ፤ ጋዜጦችም ተጫዋቾቹ ለገንዘብ የወጡ ናቸው ሲሉ የወርቅ ስም አውጥተው ዘበቱባቸው። ባስከርቪል ወደ አገሩ ሲመለስ በ1908 በብሪዝበን በሳንባ ምች በ25 ዓመቱ ሞተ። በኒውዚላንድ ምድር የተደረገው የመጀመሪያው የሊግ ጨዋታ፣ ባልንጀሮቹ ለእናቱ መርጃ ገንዘብ ለማሰባሰብ በዌሊንግተን ያደረጉት ነው።

በፈረንሳይም ዣን ጋሊያ በ1934 የተከለው ይኸው ጨዋታ በፍጥነት ከተስፋፋ በኋላ፣ በ1941 የቪሺ መንግሥት ሙሉ በሙሉ አግዶ ንብረቱን ወረሰ፤ ንብረቱ ከጦርነቱ በኋላም አልተመለሰለትም።

ከዌልስ የተሻገሩት

በደቡብ ዌልስ ዩኒየን የማዕድን ቈፋሪውም የመምህሩም ጨዋታ ስለ ነበረ፣ የሰሜን እንግሊዝ ክለቦች ጎበዝ ለመመልመል ዐይናቸውን የሚጥሉት ወደዚያው ነበር። ይሁን እንጂ ወደ ሰሜን የተሻገረ ተጫዋች በዩኒየን ዘንድ እንደ ተወገዘ ሰው ይቈጠር ነበር፤ ተመልሶ መጫወት ቀርቶ፣ በልጅነት ክለቡ ልምምድ ማስተማር እንኳ አይፈቀድለትም። ውግዘቱ እስከ 1995 ጸና። ስለዚህ ለዚያ ዘመን ዌልሳዊ ውል መፈረም ሥራ መለወጥ ብቻ ሳይሆን ከደብር እንደ መሰደድ ያለ ነገር ነበረ።

ከእነዚህ ስደተኞች ሁሉ ስሙ ከፍ ብሎ የሚጠራው ቢሊ ቦስተን ነው። በ1934 በካርዲፍ ወደብ፣ ታይገር ቤይ በሚባለው የመርከበኞች ሠፈር፣ ከሴራሊዮን በመጣ አባትና ከአየርላንድ ዘር በሆነች እናት የተወለደ ሲሆን፣ በውትድርና አገልግሎት ላይ ሳለ በ1953 የዊጋን ክለብ ሰዎች ወደ ቤተ ሰቡ ቤት መጡ። ቦስተን በኋላ እንደተናገረው፣ ሰዎቹ አንድ ሺህ ፓውንድ በጠረጴዛው ላይ ሲዘረጉ እናቱ ልጇ የዌልስን ማልያ ለብሶ ማየት ትመኝ ስለ ነበረ፣ ይሄዱልኛል ብላ ሦስት ሺህ ካልሆነ አለች፤ እነርሱ ግን ሦስቱን ሺህ ቈጥረው አስቀመጡ። በቃል የተገባ ነገር አይታጠፍምና ልጁ ፈረመ። በማግስቱ ዓመት ከታላቋ ብሪታንያ ቡድን ጋር ወደ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ተጉዞ፣ ኳሱን ከባላጋራው መስመር ባሻገር መሬት በማስነካት የሚገኘውን ነጥብ፣ ትራይ የሚሉትን፣ 36 ጊዜ አገባ፤ ለዊጋን 478፣ በመላው የጨዋታ ዘመኑም 571 አስቈጠረ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ኑሮው መጠጥ ቤት ማስተዳደር ሆነ፤ የጡረታ ነገር በውሉ አልነበረምና።

ከእርሱ በኋላ የመጣው፣ እርሱም የካርዲፍ ልጅ የሆነው ክላይቭ ሰሊቫን፣ ለሃልና ለጎረቤት ባላንጣው ለሃል ኪንግስተን ሮቨርስ ተጫውቶ በሁለቱም ደጋፊዎች የተወደደ፣ በ1972 የዓለም ዋንጫን ባነሣው የብሪታንያ ቡድን ላይ አምበል የነበረ ሰው ነው፤ በማንኛውም ስፖርት የብሪታንያን ብሔራዊ ቡድን የመራ የመጀመሪያው ጥቁር ሰውም እርሱ ነው። በ1985 በ42 ዓመቱ በነቀርሳ ሲሞት፣ ወደ ሃል የሚያስገባው አውራ ጎዳና በስሙ ተሰየመ።

ሊግ ለእነዚህ ጥቁር ዌልሳውያን መጠለያ ነበረን ወይስ ገበያ? መጠለያ ነበረ የሚሉት፣ የዌልስ ዩኒየን ቦስተንንም ሰሊቫንንም አንድ ቀን እንኳ ሳያሰልፍ ሊግ አክሊል እንደ ደፋላቸው ያመለክታሉ። ገበያ ነበረ የሚሉት ደግሞ፣ በ1957 የብሪታንያና የፈረንሳይ ቡድኖች ትርኢት ለማሳየት ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲሄዱ ቦስተን እንዳልሄደና የጨዋታው ባለ ሥልጣኖችም የአፓርታይድን ሥርዓት ተቀብለው እንደ ተጓዙ ያነሣሉ። ሁለቱም ማስረጃ እውነት ነው፤ አንዱ ሌላውን አይሽረውም። በሜዳው ላይ የሚያስፈልገውን ሰው ያከበረ ማኅበር ከሜዳው ውጪ ሊከፍልለት የሚገባውን ዋጋ ሳይከፍልለት ቀርቶአል፤ ይህም ከዋናው ጥያቄያችን የራቀ አይደለም።

ተጫዋቹ ሠራተኛ ነውን?

ደመወዝ የሚቀበል ሁሉ ነጻ ሠራተኛ አይደለም። በሊግ ውስጥ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የጸናው ሥርዓት፣ የተጫዋቹ ውል ካለቀ በኋላም ክለቡ ስሙን በማቆያ መዝገብ ላይ አስፍሮ እንዲይዘው፣ ሌላ ክለብም የዝውውር ዋጋ ሳይከፍል እንዳይወስደው የሚፈቅድ ነበር። ይህን የተጋፋው የሲድኒው የባልሜይን ተጫዋች ዴኒስ ተቲ ነው። ክለቡ አልለቅህም ባለው ጊዜ ፍርድ ቤት ሄደ፣ በ1969 የውድድር ዘመንም ምንም ሳይጫወት ተቀመጠ፤ በዚያው ዓመት ደግሞ ባልሜይን፣ ይሸነፋል ሲባል፣ ሳውዝ ሲድኒን 11 ለ 2 ረትቶ ዋንጫውን ወሰደ። ተቲ ዋንጫውን አጣ፤ በ1971 ግን የአውስትራሊያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሥርዓቱ የሰውን የሙያ ነጻነት ያለ በቂ ምክንያት የሚያስር ነው ሲል ፈረደለት። ዛሬ በውሉ ማብቂያ ላይ ከክለብ ወደ ክለብ የሚዘዋወር የሊግ ተጫዋች ሁሉ ተቲ ሜዳ ሳይገባ ባሳለፈው በዚያ ዓመት ላይ የቆመ ነው።

የሊጉ ማኅበር መልስ ሌላ መንገድ መፈለግ ሆነ። በ1990 የደመወዝ ጣሪያ፣ ቀጥሎም ውላቸው ያለቀ ተጫዋቾች በተራ ለክለቦች የሚደለደሉበት ሥርዓት ወጣ። ቴሪ ሂል የተባለው ወጣት ዌስተርን ሰበርብስን ፈልጎ ኢስተርን ሰበርብስ በደረሰው ጊዜ ነገሩ እንደገና ወደ ችሎት ተወሰደ፤ የፌዴራሉ ፍርድ ቤትም በ1991 ድልደላውን ሻረው። ጣሪያው ግን ጸና።

በጣሪያው ላይ ያለው ክርክር እስከ ዛሬ አላባራም። ደጋፊዎቹ፣ ጣሪያ ከሌለ ሀብታሙ ክለብ ሁሉን ይሰበስባል፣ ድኻው ይዘጋል፣ ክለብ ሲዘጋም ደመወዙ ይቀራል ይላሉ፤ ለዚህም ከ1995 እስከ 1997 የሩፐርት መርዶክና የኬሪ ፓከር ኩባንያዎች ለቴሌቪዥን መብት ሲሉ በተጫዋቾች ላይ ገንዘብ ሲያዘንቡ፣ በመጨረሻም በ1997 ውድድሩ ለሁለት ሲከፈል የደረሰውን ጥፋት ይጠቅሳሉ። ተቃዋሚዎቹ በበኩላቸው፣ የአሠሪዎች ማኅበር ተሰብስቦ የሠራተኛን ዋጋ በጣሪያ ሲወስን በሌላ ሙያ ቢሆን ወንጀል እንደሚባል ይናገራሉ። የሜልበርን ስቶርም ክለብ ሁለተኛ የሒሳብ መዝገብ ይዞ ለተጫዋቾቹ በስውር ይከፍል እንደ ነበር በ2010 ሲገለጥ፣ የ2007ና የ2009 ዋንጫዎቹ ተነጠቁ፤ ቅጣቱ የወረደው ግን ሜዳ ላይ ወድቀው በተነሡት ሰዎች ድል ላይ በመሆኑ፣ ዋንጫው የማን ነበረ የሚለው ጥያቄ መልስ ሳያገኝ ቀርቶአል።

በ2023 ደግሞ የአውስትራሊያ ተጫዋቾች ማኅበር ከሊጉ ጋር በጠቅላላው የሥራ ውል ሳይስማማ በቀረ ጊዜ፣ ተጫዋቾቹ በማልያቸው ላይ ያለውን የሊጉን ዓርማ በፕላስተር ሸፍነው ገቡ። ቍርጥራጩ ፕላስተር የሚናገረው ግልጽ ነበረ፦ ማልያውን የምናከብረው የክለባችን ስለ ሆነ ነው፣ ዓርማው ግን የአሠሪያችን ነው። በዚያው ዓመት በተደረሰው ስምምነት ዝቅተኛው የዓመት ደመወዝ 120 ሺህ የአውስትራሊያ ዶላር ሆነ፤ ከጡረታ በኋላ ለሚመጣ ጉዳት የሚውል ገንዘብም ከመደራደሪያዎቹ አንዱ ነበረ። ከስድስቱ ሽልንግ እስከዚህ የመጣው መንገድ ረጅም ነው፤ ይሁን እንጂ ድርድሩ ራሱ ወደ ሥጋው ጥያቄ እያዘነበለ መሄዱን ልብ ይሏል።

የአንጎል ነገር

የሊግ ተጫዋች የሙያ ዕድሜ አጭር ነው። ሜልበርንን ያገለገለው ካሜሮን ስሚዝ በአውስትራሊያ ሊግ 430 ጊዜ ተሰልፎ ሲያበቃ እንደ ተአምር የተቈጠረው ስለዚህ ነው። ይበልጥ የተለመደው የቦይድ ኮርድነር ዐይነት ፍጻሜ ነው፤ የሲድኒ ሩስተርስ፣ የኒው ሳውዝ ዌልስና የአውስትራሊያ አምበል የነበረው ይህ ሰው በተደጋጋሚ የአንጎል መናወጥ ምክንያት በ2021 በ29 ዓመቱ ጨዋታ አቆመ። በዚያው ዓመት የክለቡ ባልንጀራ ጄክ ፍሬንድም በተመሳሳይ ምክንያት ተሰናብቶ ነበር።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች መለየት አለባቸው። አንደኛው የአንጎል መናወጥ ራሱ ነው፤ ተጫዋቹ ይንገዳገዳል፣ ዐይኑ ይፈዛል፣ ዛሬ ሐኪም ከሜዳ አውጥቶ ለ15 ደቂቃ ይመረምረዋል፤ በአውስትራሊያ ሊግም መናወጡ የታወቀበት ተጫዋች ለ11 ቀን እንዳይሰለፍ ታዝዞአል። ሁለተኛው ግን ማንም የማያየው፣ ተጫዋቹም የማይሰማው፣ ጭንቅላት በየግጭቱ የሚቀበለው ትንሽ ትንሽ ምት ነው። ብዙ ተመራማሪዎች ከዓመታት በኋላ አንጎልን የሚያመነምነው ይበልጡን የዚህ የሁለተኛው ድምር ነው ብለው ያስባሉ። ይህ እውነት ከሆነ የ15 ደቂቃው ምርመራና የ11 ቀኑ ዕረፍት መልካም ቢሆኑም የሚጠብቁት ትንሹን በር ነው፤ ትልቁ በር የጨዋታው ሥርዓት ራሱ ይሆናልና።

ማስረጃው እስከ ምን ይደርሳል? በተደጋጋሚ ምት የሚመጣው የአንጎል መመናመን፣ ሐኪሞች ሲ.ቲ.ኢ. የሚሉት፣ በእርግጠኝነት የሚታወቀው ሰው ከሞተ በኋላ አንጎሉ ተቈርጦ ሲመረመር ብቻ ነው። በ2019 በሲድኒ የሚገኙ ሐኪሞች በሁለት የቀድሞ የሊግ ተጫዋቾች አንጎል ይህን ደዌ ማግኘታቸውን ገለጡ፤ ከሁለቱ አንዱ ካንተርበሪን በተጫዋችነትም በአሠልጣኝነትም ያገለገለው ስቲቭ ፎልክስ ነበረ። በ2022 በ49 ዓመቱ የሞተው፣ ሰሜን ክዊንስላንድን በ2015 ለመጀመሪያው ዋንጫ ያበቃው አሠልጣኝ ፖል ግሪንም ይኸው ደዌ እንደ ነበረበት ታውቆአል። በእንግሊዝም ቦቢ ጎልዲንግን የመሰሉ የቀድሞ ተጫዋቾች ገና በመካከለኛ ዕድሜ የመርሳት ሕመም እንደ ያዛቸው ተነግሮአቸው፣ ማኅበሩ አደጋውን እያወቀ አልጠበቀንም ሲሉ ክስ መሥርተዋል።

ተጠራጣሪዎቹ የሚያቀርቡት መቃወሚያ ክብደት አለው። አንጎላቸው ለምርመራ የሚሰጠው በብዛት በሕይወት ሳሉ የታመሙ፣ ቤተ ሰቦቻቸውም የጠረጠሩ ሰዎች ስለ ሆኑ፣ ከእነርሱ ተነሥቶ የተጫዋቹ ሁሉ ዕጣ ይህ ነው ማለት አይቻልም። ይህን ጉድለት ለመሙላት የሚረዳው የጤነኛውንም የታማሚውንም መዝገብ አንድ ላይ የሚያይ ጥናት ነው፤ በግላስጎው የተደረገውና በ2022 የታተመው ጥናት 412 የቀድሞ የስኮትላንድ ብሔራዊ ቡድን ተጫዋቾችን ከሌላው ሕዝብ ጋር አስተያይቶ፣ የነርቭ መመናመን ደዌ በተጫዋቾቹ ላይ ከሁለት ዕጥፍ ተኩል በላይ ሆኖ አግኝቶታል። ነገር ግን እነዚህ የዩኒየን ተጫዋቾች ናቸው እንጂ የሊግ አይደሉም። ውጤቱ ወደ ሊግ ይሸጋገራል ማለት ከግጭቱ መመሳሰል የተነሣ ሚዛን የሚደፋ ግምት እንጂ የተረጋገጠ ነገር አይደለም።

ይበልጥ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በሮብ በረው ነገር ነው። ቁመቱ 165 ሴንቲ ሜትር ብቻ የነበረው ይህ የሊድስ ተጫዋች፣ ከእርሱ እጅግ በሚገዝፉ ሰዎች መካከል እየተሹለከለከ 492 ጊዜ ለአንድ ክለብ ተሰልፎ፣ ስምንት የፍጻሜ ድሎችን አግኝቶ በ2017 ተሰናበተ። ከሁለት ዓመት በኋላ ጡንቻን የሚያዝዙትን ነርቮች ቀስ በቀስ የሚገድለው ሞተር ኒዩሮን የተባለ ደዌ እንደ ያዘው ተነገረው፤ በጁን 2 ቀን 2024 በ41 ዓመቱ ዐረፈ። የቡድኑ አምበል የነበረው ኬቨን ሲንፊልድ በ2020 በሰባት ቀን ሰባት ማራቶን ሮጦ ለዚህ ደዌ ምርምር ብዙ ገንዘብ አሰባሰበ፤ በ2023 በሊድስ በተደረገው ማራቶንም በተሽከርካሪ ወንበር የገፋውን ባልንጀራውን ከመጨረሻው መስመር አጠገብ ሲደርስ አንሥቶ፣ በክንዶቹ ታቅፎ ተሻገረ። ያ ምስል ከብዙ ጥናት ይልቅ የሕዝቡን ልብ አንቀሳቅሶአል። ነገር ግን ጨዋታው የበረውን ደዌ አመጣው የሚል ማስረጃ የለም። የግላስጎው ጥናት ይህ ደዌ በራግቢ ሰዎች ዘንድ በዐሥራ አምስት ዕጥፍ መታየቱን ቢመዘግብም፣ ደዌው እጅግ ብርቅ ስለ ሆነ ስሌቱ በጥቂት ሰዎች ላይ የቆመ መሆኑን አጥኚዎቹ ራሳቸው አስጠንቅቀዋል። ሐዘን ማስረጃ አይሆንም፤ ማስረጃው እስኪሟላ እጅን አጣጥፎ መቀመጥም ጥበብ አይባልም።

ያልተዘጋው መዝገብ

ዛሬ በአውስትራሊያ ሊግ ከሚጫወቱት ወደ ግማሽ የሚጠጉት የፓሲፊክ ደሴቶች ዘር ያላቸው ናቸው። የአንዱ ወጣት ውል በሲድኒ ያለውን ቤት ብቻ ሳይሆን በቶንጋና በሳሞአ ያሉትን ዘመዶችና ደብሩን ጭምር የሚያበላ መሆኑ፣ ባሕር ማዶ ልጅ ላለው ለእኛ አንባቢ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። ጄሰን ታውማሎሎ በ2017 ለዐሥር ዓመት፣ ወደ ዐሥር ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ውል ፈርሞ፣ በዚያው ዓመት ኒውዚላንድን ትቶ ለቶንጋ መሰለፍን መረጠ። ሊግ ብሔራዊ ጨዋታዋ ለሆነው ለፓፑዋ ኒው ጊኒም ከ2028 ጀምሮ በውድድሩ የሚገባ ቡድን የተፈቀደ ሲሆን፣ የአውስትራሊያ መንግሥት ለዚህ በዐሥር ዓመት 600 ሚሊዮን ዶላር መድቦአል፤ የተጫዋቹ ትከሻ በመንግሥታት መካከል ላለ ወዳጅነት መያዣ ሆኖአል ማለት ነው።

በሌላው ጫፍ፣ በ2018 በአውስትራሊያ የተጀመረው የሴቶች ሊግ ተጫዋቾችና በእንግሊዝ በዝቅተኛ ደረጃ የሚጫወቱት ወንዶች ብዙዎቹ ቀን በሌላ ሥራ ውለው ማታ የሚለማመዱ ናቸው። ለጨዋታ ጉዞ ፈቃድ ሲወስዱ የሚቀርባቸውን ደመወዝ ማን ይተካ የሚለው ክርክር፣ ቃል በቃል የ1893ቱ ክርክር ነው። ስለ ጊዜው የሚነሣው ጥያቄ ለአንዳንዱ ተዘግቶ ለሌላው ገና አልተዘጋም፤ ስለ ጥበቡ የተነሣውን ፍርድ ቤት በከፊል መልሶታል፤ ስለ ሥጋው የተነሣው ደግሞ በእንግሊዝ ችሎት ፊት ቀርቦአል።

በጁን ወር 2025 ንጉሥ ቻርልስ ቢሊ ቦስተንን በቤተ መንግሥት የሰር ማዕርግ ሰጡት። ጨዋታው ከተመሠረተ በ130 ዓመት ውስጥ ለራግቢ ሊግ አገልግሎት ይህን ማዕርግ ያገኘ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው፤ ዕድሜው 90 ሲሆን፣ የመርሳት ሕመም እንዳለበት ከታወቀ ዘጠኝ ዓመት ሆኖት ነበር።